የሩዝ ማሳ ላይ ዩሪያ ለመቀነስ ከጥር ጀምሮ ምን ይደረግ?

የማዳበሪያ ዋጋ እንዲህ ሰማይ ሲነካ "ዘንድሮ ዩሪያ አልነካም፣ በኮምፖስት ብቻ ነው የምዘራው" የሚል ሰው አይጠፋም፣ እኔ ግን በአንዴ ማቆሙን አልመክርም። እስቲ ሂሳቡን እዩት፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን (ሰብሉን የሚያለመልመው ንጥረ ነገር) አለ፣ ደህና ኮምፖስት ደግሞ ደርቆ ሲመዘን ከመቶ አንድ ወይ አንድ ተኩል ቢኖረው ነው፣ በዚህ ሂሳብ አንዱን ኩንታል ለመተካት ከ31 እስከ 46 ኩንታል ኮምፖስት ትፈልጋላችሁ፣ እሱም በአንድ ክረምት ሁሉንም አይለቅም። የሚያዋጣው ቀስ በቀስ መቀነስ ነው።

ፎገራ አካባቢ ከሆናችሁ ጥር ላይ ጀምሩ፣ ሩዙ ተወቅቶ ገለባው ስላለ። ደህናውን ለከብት ተዉትና ከብቱ የረገጠውን፣ ሽንት የጠጣውን ሰብስቡ፣ እሱ ይበልጣል። ጥላ ስር አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ለክታችሁ ገለባ፣ ከላዩ እርጥብ ቅጠል፣ ከዛ እበት፣ ትንሽ አፈርና አመድ፣ እንደገና ገለባ እያላችሁ ወገብ እስኪደርስ ከምሩት። ሲጨመቅ እጅ የሚያረጥብ ግን ውሃ የማያንጠባጥብ መሆን አለበት። መሀሉ ላይ ዱላ ሰክታችሁ በሳምንቱ አውጥታችሁ ንኩት፣ ካልሞቀ ወይ ደርቋል ወይ እበት አንሶታል። በየወሩ ካገላበጣችሁት ሰኔ ላይ ጠቁሮ የደን አፈር የሚሸት ነገር ይሆናል፣ ከመዝራታችሁ በፊት በትናችሁ ማረስ ነው።

እበቱ ሁሉ ኩበት ሆኖ ከነደደ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል። ማገዶ ለሌለው ሰው ኩበት አታንድድ ማለት ቀልድ ነው፣ ግን የቻላችሁትን ያህል ለክምሩ አስቀሩለት።

ጣና ዳር ያላችሁ እምቦጭም ይሆናል፣ ያላበበውን ብቻ፣ በደንብ አድርቃችሁ። ፍሬ የያዘውን እንዳትነኩት፣ ውሃ የተኛበት ማሳ ውስጥ በገዛ እጃችሁ ልትዘሩት ነው።

ጥሬ ገለባ ደግሞ መዝሪያው ሲደርስ አትቅበሩ፣ የሚያበሰብሱት ተህዋስያን የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻሙና ቡቃያው ቢጫ ይሆናል።

ከሩዝ በኋላ በቀሪው እርጥበት ጓያ ወይ ሽምብራ የምትዘሩ ሰዎች ግማሹን ሥራ እየሠራችሁ ነው፣ ሥሩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ይይዛሉ። ችግሩ ከነሥሩ መንቀላችን ነው፣ በማጭድ እጨዱትና ሥሩ እዛው ይቅር፣ ከተወቃ በኋላ ከገለባው የተወሰነውን ወደ ማሳው መልሱ። (ጓያ አብዝቶ መብላት እግር እንደሚያሽመደምድ ታውቃላችሁ፣ ለምግብ ሽምብራው ይሻላል።)

አሁን ወደ ዩሪያው። ብዙው የሚባክነው ውሃ ላይ ስለሚበተን ነው፣ ወይ በጋዝ መልክ ይተናል ወይ ጎርፍ ይወስደዋል። አንዴ ከመጨረስ ለሁለት ክፈሉት፣ ግማሹን አረም ካረማችሁ በኋላ ቡቃያው ቅርንጫፍ ሲያወጣ፣ ግማሹን ዘለላ መሥራት ሲጀምር፣ ግንዱ በዘለላው ሳይነፋ። ውሃውን ቀነስ አድርጋችሁ፣ ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም ሳይሆን ረጋ ባለ ቀን በትኑ። አረም ያልታረመበት ላይ ከበተናችሁ የምትቀልቡት አረሙን ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ኮምፖስት የገባበት ላይ ከዩሪያው ሩቡን ብቻ ቀንሱ፣ ከጎኑ ግን አንድ ቁራጭ መሬት እንደ ድሮው ሙሉ ማዳበሪያ ይሰጠውና ህዳር ላይ ሁለቱን ለየብቻ ወቅታችሁ መዝኑ። እኩል ከመጣ ለከርሞ ሌላ ሩብ ትቀንሳላችሁ፣ ካነሰ ባላችሁበት ቆይታችሁ ኮምፖስቱን ጨምሩ።