ማዲያት ካላችሁ ሰንስክሪናችሁ ቀለም ይኑረው

በየቀኑ ሰንስክሪን እየተቀባችሁ ማዲያቱ አልለቅ ካላችሁ፣ ቶሎ ብላችሁ ክሬሙ ፎርጅድ ነው አትበሉ። ስለ ፀሐይ ሲወራ የሚነሳው በዓይን የማይታየው ጨረር፣ አልትራቫዮሌት ብቻ ነው። በዓይናችን የምናየው ብርሃን ራሱ ግን፣ በተለይ ሰማያዊና ሐምራዊው፣ እንደኛ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ጥቁረት ያወጣል፣ ያወጣውም ቶሎ አይጠፋም። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህን በጠቆረ ቆዳ ላይ አሳይቷል፤ ነጭ ቆዳ ላይ አልታየም።

እሽጉ ላይ ኤስፒኤፍ (SPF) የሚለው ቁጥር ስለሚታየው ብርሃን ምንም አይነግራችሁም። 50 ቢሆንም፣ ተቀብታችሁት የማይታይ ክሬም በአብዛኛው ያሳልፈዋል። የሚያግደው ቡኒ ቀለም የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ ነው። ፋርማሲ ስትገቡ እሽጉን አዙሩና ከጥቃቅኑ ጽሑፍ መሀል 77491፣ 77492 ወይም 77499 የሚል ቁጥር ፈልጉ። ከመልካችሁ የሚሄድ ካጣችሁ (ብዙዎቹ ለቀይ ሰው የተሠሩ ናቸው፣ ያናድዳል) የተለመደውን ሰንስክሪን ተቀቡና እነዚህ ቁጥሮች ያሉበትን የራሳችሁን ቀለም ፋውንዴሽን ደርቡበት።

ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ይበቃል። ስስ አድርጎ ማዳረስ አይሠራም። ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙ፤ በድሬዳዋ ሙቀት ላብ ቶሎ ስለሚያወርደው ቀድማችሁም ብትደግሙ ጥሩ ነው። ባጃጅ ውስጥ ወይም መስኮት ዳር ስትቀመጡ ተጠልለናል አትበሉ፣ መስታወት ይህን ብርሃን አያስቀርም። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር መሄድ፣ ጃንጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ወፈር ያለ ሻሽ ሁሉም ይረዳል። እርድና ቀሲል (ፊት ላይ የሚቀባው የቅጠል ዱቄት) ታጥበው ከወረዱ በኋላ ከብርሃን አይከላከሉም። የስልክ ብርሃን ግን አያሳስባችሁ፣ ከፀሐይ ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው።

ሕክምናው የሚሠራው ይህ ከተስተካከለ ነው። ሃይድሮኪኖን፣ አዜላይክ አሲድ፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባሉት መድኃኒቶች ይሠራሉ፤ ግን ወራት ይፈልጋሉ፣ ብርሃኑ ካልታገደ ደግሞ ማዲያቱ ይመለሳል። ሃይድሮኪኖንን ያለ ቆዳ ሐኪም አትጀምሩ፣ ከታዘዘላችሁ ጊዜ በላይም አትቀጥሉ። በሳምንት ያነጣል እየተባለ የሚሸጠውን፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈ ክሬም እባካችሁ ተዉት። ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል፤ ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል፣ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል።

እርጉዝ ከሆናችሁ ሃይድሮኪኖኑ ይቆይ፣ ስለ አዜላይክ አሲድ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ባለቀለሙን ሰንስክሪን ግን ከዛሬ ጀምሩ።