የጭቃ ቤትን በትንሹ መሥራት፦ በቤት ሞዴልና በዲዮራማ ሥራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዙሪያው የነበሩ ብዙ ነባር ቤቶች ለኮሪደር ልማት ከፈረሱ ወዲህ፣ ያደጉበትን ቤት በትንሹ ሠርተው በዲዮራማ መልክ፣ ማለትም ከነመሬቱና ከነዙሪያው በትንሹ ተሠርቶ እንደሚታይ ትዕይንት አድርገው ለማስቀመጥ የሚፈልጉ ሰዎች ምክር ይጠይቁኛል። እኔም ሥራውን የጀመርኩት በተመሳሳይ ስሜት ስለሆነ ጥያቄያቸውን በደስታ እቀበላለሁ። አብዛኞቹ መሥራት የሚፈልጉት በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰና ፊት ለፊቱ በረንዳ ያለው ቤት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በዚህ ዓይነቱ ቤት ላይ ያተኮሩ ሲሆኑ፣ ሣር ክዳን ጎጆና የድንጋይ ቤት የሚለዩበትን ነገር በየቦታው እጠቅሳለሁ። ልኬቶቹን የምሰጠው በ1:50 ስኬል ነው፤ ይኸውም የእውነተኛው ቤት አንድ ሜትር በሞዴሉ ላይ ሁለት ሳንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈጸመውና በኋላ ለማረም የሚያስቸግረው ስህተት ስኬሉን ሳይወስኑ መቁረጥ መጀመር ነው። ብዙ ሰው ቤቱን በግምት ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ የሰው ምስል ወይም መኪና ገዝቶ ሲያስቀምጥበት ነገሩ አልገጥም ይለዋል። ለሞዴል ሥራ ተብለው የሚሸጡት የሰው ምስሎች በአብዛኛው በ1:35፣ በ1:48፣ በ1:72 ወይም በ1:87 የተሠሩ ናቸው። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው በ1:35 ወደ 4.9 ሳንቲሜትር ሲጠጋ በ1:87 ሁለት ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ቁመቱ ሁለት ሜትር የሆነ በር በ1:50 አራት ሳንቲሜትር ስለሚሆን፣ የ1:35 ሰው በአጠገቡ ሲቆም ራሱ ከመቃኑ በላይ ይውላል። የ1:48 ምስል ግን ከ1:50 ቤት ጋር ያለው ልዩነት አራት በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ ያለ ሥጋት መጠቀም ይቻላል።

ቤቱ ፈርሶ ፎቶግራፍ ብቻ ከቀረ በሩን እንደ መለኪያ ይውሰዱት። የበሩን ቁመት ሁለት ሜትር ብለው ከያዙ፣ የመስኮቱንና የግድግዳውን ልክ ከእርሱ ጋር እያነጻጸሩ ማውጣት ይችላሉ። ነገር ግን የሚያነጻጽሯቸው ነገሮች ከበሩ ጋር በአንድ ግድግዳ ላይ ያሉ መሆን አለባቸው፤ ወደ ፊት የወጣው የበረንዳ ቋሚ ለካሜራው ስለሚቀርብ በፎቶግራፉ ላይ ከእውነቱ ረዝሞ ይታያል። ይህን ያልተገነዘበ ሰው በረንዳውን ከቤቱ አስበልጦ ይሠራዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የግድግዳ ውፍረት ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ በቋሚና በማገር ላይ ከውስጥም ከውጭም ጭቃ ተመርጎበት ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ያህል ይወፍራል፤ ይህም በ1:50 ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ይሆናል። ጀማሪዎች ግድግዳውን ከአንድ ሚሊሜትር ካርቶን ቆርጠው ስለሚያቆሙት፣ መስኮቱ ሲከፈት ጠርዙ እንደ ወረቀት ሳስቶ ይታያል፤ ተመልካቹም ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ ቤቱ ክብደት እንደሌለው ይሰማዋል። ሦስት ካርቶን ደርቦ ማጣበቅ ወይም 3 ሚሊሜትር ፎም ቦርድ (በሁለት ወረቀት መካከል ያለ የፎም ሰሌዳ) መጠቀም ይህን ያስቀራል። የግድግዳውን ማዕዘኖችም በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ማለዘብ ያስፈልጋል፤ በእጅ የተመረገ ጭቃ እንደ ሲሚንቶ ብሎኬት ስለታም ማዕዘን የለውምና። በላሊበላ እንደሚታዩት በአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩ ባለ ሁለት ደርብ ክብ የላስታ ቤቶችን የሚሠራ ሰው ደግሞ ግድግዳውን ከዚህ እጅግ አስወፍሮ መጀመር አለበት።

ስለ ማጣበቅና ስለ መጣመም አጠር አድርጌ ልናገር። ካርቶንን በአንድ ወገን ብቻ በውኃ ቀለም ወይም በኮላ ካረጠቡት ሲደርቅ ወደዚያው ወገን ይጎብጣል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ገጽ መቀባትና ከውስጥ በኩል ደጋፊ ማስገባት ይገባል። ሱፐር ግሉም ሆነ በቆርቆሮ የሚሸጠው የሚረጭ ቀለም ያልተሸፈነ ፎምን ያቀልጣል። ሱፐር ግሉ በሚደርቅበት ጊዜ የሚወጣው ትነት የመስኮት መስታወት እንዲሆን የተለጠፈውን ግልጽ ፕላስቲክ ነጭ ጉም ያለብሰዋል፤ መስኮትን በነጭ የእንጨት ኮላ ማጣበቅ ከዚህ ያድናል። ምላጭ በየጊዜው መለወጥና አንዱን መስመር በኃይል በአንድ ጊዜ ከመቁረጥ ይልቅ ቀለል አድርጎ ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም ጣትንም ካርቶንንም ይጠብቃል።

ብዙ ሞዴል የሚበላሸው ግን በጣራው ነው። ዲዮራማ ከላይ ወደ ታች ስለሚታይ የተመልካቹ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ጣራው ላይ ነው፤ ስለዚህ በሌላው ክፍል ላይ ከሚያጠፉት ጊዜ የበለጠውን እዚህ ላይ ቢያጠፉ አይቆጭዎትም። የተለመደው ስህተት የዕቃ ማሸጊያ ካርቶንን አንድ ገጽ ልጦ ውስጡ ያለውን ሞገድ እንደ ቆርቆሮ መጠቀም ነው። የእውነተኛው ቆርቆሮ ሞገድ ከአንዱ አናት እስከ ቀጣዩ አናት 7.6 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ በ1:50 ይህ 1.5 ሚሊሜትር ይሆናል። የማሸጊያ ካርቶን ሞገድ ግን ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ስለሚሰፋ፣ ወደ እውነተኛው ልክ ሲመለስ ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር የሚሰፋ ሞገድ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ማንም ቤቱን አልብሶበት አያውቅም።

እኔ የምጠቀምበት ዘዴ የሚከተለው ነው። ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር የሆነና ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርስ የወጣለት ብረት ከብሎን መሸጫ እገዛለሁ፤ የዚህ ብረት የተለመደው የጥርስ ርቀት 1.5 ሚሊሜትር በመሆኑ ለ1:50 ቆርቆሮ የተሠራ ያህል ይስማማል። የምግብ መያዣ ሳህን የሚሠራበትን ወፈር ያለ አሉሚኒየም በለስላሳ ጎማ ላይ ዘርግቼ ብረቱን ጫን እያደረግሁ ሳንከባልልበት፣ ጥርሶቹ እኩል የሆኑ መስመሮችን እየቀረጹ ይሄዳሉ። መስመሮቹ በጥቂቱ ስለሚያጋድሉ ቁራጮቹን የምቆርጠው የአሉሚኒየሙን ጠርዝ ሳይሆን መስመሮቹን ተከትዬ ነው።

ቆርቆሮው በትክክል ከተሠራ በኋላም ሁለት ስህተቶች ይቀራሉ። አንደኛው ጣራውን በሙሉ ከአንድ ወጥ ቁራጭ መሸፈን ነው። እውነተኛው ጣራ ርዝመታቸው ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ ቆርቆሮዎች ተደራርበው የሚመቱበት ስለሆነ፣ በሞዴሉ ላይ አራት አራት ሳንቲሜትር የሆኑ ቁራጮችን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ የላይኛው የታችኛውን እንዲደርብ አድርጎ ማጣበቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሞገዱን ወደ ጎን ማስተኛት ነው፤ ሞገዱ የዝናብ ውኃ የሚወርድበት ቦይ በመሆኑ ምንጊዜም ከጣራው አናት ወደ አሸንዳው መውረድ አለበት። የጣራው ጠርዝም ከግድግዳው አንድ ሳንቲሜትር ያህል ወጣ ይበል፤ ጣራው ከግድግዳው እኩል የተቆረጠ የጭቃ ቤት ሁለት ክረምት አይሻገርም ነበር።

እውነተኛ ዕቃ መጠቀም ሞዴሉን እውነተኛ ያደርገዋል የሚለው እምነት ደግሞ ብዙ ትጉ ሰዎችን ያሳስታል። ጭቃን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክቶ ግድግዳውን የመረገ ሰው አጋጥሞኛል፤ ልፋቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ሁለት ሳንቲሜትር የሆነው ጭድ በ1:50 የአንድ ሜትር አጠና ሆኖ ከግድግዳው ላይ ወጥቶ ይታይ ነበር፤ ጭቃውም ሲደርቅ የተሰነጠቀው ስንጥቅ እጅ የሚያስገባ ያህል ነበር። አፈር መጠቀም የሚፈልግ ሰው እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስ በጥሩ ወንፊት ነፍቶ፣ በምጣድ ላይ አድርቆ፣ ከነጭ ኮላና ከቀለም ጋር አዋሕዶ በስሱ በብሩሽ ይቀባው። ለጎጆ ክዳንም እንዲሁ እውነተኛ ሣር ከመጠን በላይ ይወፍራል። ቃጫን ፈትቶ፣ በማበጠሪያ አበጥሮ፣ በሦስት ሳንቲሜትር እየቆረጡ ከጠርዙ ጀምሮ ወደ ጉልላቱ ዙሪያውን መደርደር የተሻለ ነው። ከአናቱ የጀመረ ሰው የታችኛውን ረድፍ ከላይኛው ሥር ማስገባት ስለማይችል፣ ክዳኑ ውኃን ወደ ውስጥ የሚመራ መስሎ ይቀርበታል።

ወደ ቀለም ስንመጣ፣ ቀለምን ከጠርሙሱ እንደ ወጣ መቀባት የመጀመሪያው ጥፋት ነው። ከሩቅ የሚታይ ነገር ቀለሙ በአየሩ ምክንያት ደብዝዞና ነጣ ብሎ ይታያል፤ ሞዴልን ማየት ደግሞ እውነተኛውን ቤት ከሩቅ እንደ ማየት ነው። ስለዚህ የበሩ አረንጓዴና የግድግዳው ውኃ ሰማያዊ ጥቂት ነጭና ግራጫ ይጨመርባቸው። ንጹሕ ጥቁር በየትኛውም ቦታ አልጠቀምም፤ የክፍት መስኮት ጨለማን እንኳ ከጥቁር ቡናማ እሠራዋለሁ። ቀለሙም የማያብለጨልጭ መሆን አለበት። ዘይት ቀለም የተቀባ እውነተኛ በር ቢያብለጨልጭም፣ ያው ብልጭታ አራት ሳንቲሜትር በሆነ በር ላይ ሲያርፍ አሻንጉሊት ያስመስለዋል።

ከዚያ የሚከተለው ማስረጀት ነው፤ በዚህ ሥራ ከሁሉ አብልጬ የምወደውም እርሱን ነው። ብዙዎች ዝገትን በስፖንጅ ነክረው በጣራው ላይ ሁሉ እኩል ይበትኑታል። ዝገት ግን መነሻ አለው፤ ሚስማር ከተመታበት ቀዳዳ፣ ከተደረበው ጠርዝና ከተቆረጠው ጫፍ ይጀምርና በሞገዱ ቦይ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። አንዳንዱ ቆርቆሮ በቅርቡ የተለወጠ በመሆኑ ግራጫ ሆኖ መቅረት ሲኖርበት፣ አጠገቡ ያለው ሙሉ በሙሉ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ብርቱካናማው ቀለም በጣም ጥቂት ይሁን፤ ያረጀ ዝገት ወደ ጥቁር ቡናማ ያደላልና። ቀለሙ ተጠርጎ ጥቂት ብቻ በቀረበት ደረቅ ብሩሽ ጠርዝን ሁሉ ማንጣትም ከመጠን ሲያልፍ ቤቱን ዱቄት የተነሰነሰበት ያስመስለዋል።

የሴት አያቴን ቤት ሠርቼ እንደ ጨረስሁ ለአክስቴ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ተመለከተችውና ጣቷን ከበረንዳው ቀጥሎ ባለው ግድግዳ ግርጌ ላይ አድርጋ፣ «እዚህ ጋ የክረምቱ ጭቃ የታለ? እማማ ለእንቁጣጣሽ ብላ የምትለቀልቀው እኮ ይሄንን ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከጣራው የሚወርደው ጠብታ መሬቱን እየመታ ቀዩን አፈር ወደ ግድግዳው ስለሚረጨው፣ አሸንዳ የሌለው ቤት ሁሉ ከመሬት እስከ 30 ሳንቲሜትር ከፍታ ድረስ የአፈር መልክ ይይዛል። በሞዴሉ ላይ ይህ ስድስት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ በቀጠነ ቀይ ቡናማ ቀለም ነክሬ፣ ጸጉሩን በጣቴ እየሳብኩ ከታች ወደ ላይ ረጨሁት፤ ከጣራው ጠርዝ በትክክል ሥር ባለው መሬት ላይም ጠብታው የቆፈረውን ቀጭን መስመር በመርፌ ጫርኩት። በረንዳው የከለለውን ግድግዳ ግን ንጹሕ አድርጌ ተውኩት፤ በዚያ በኩል ዝናብ አይደርስም ነበርና። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ብሩሽ ከማንሣቴ በፊት የቤቱን ፎቶግራፍ ይዤ ውኃው ከየት ወዴት ይወርድ እንደነበር በእርሳስ እከተላለሁ።

የሚረጭ ቫርኒሽን በሐምሌና በነሐሴ መጠቀም ሌላው የሚያስቆጭ ስህተት ነው። እርጥበት ባለበት አየር የተረጨ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ነጭ ውርጭ መስሎ ይደርቃል፤ የወራት ሥራንም በአንድ ደቂቃ ሊሸፍን ይችላል። በክረምት መጨረስ ግድ ከሆነ ቫርኒሹን በብሩሽ መቀባት ወይም ደረቅ ቀን መጠበቅ ይሻላል። በማንኛውም ወቅት ቢሆን መርጨት ያለብዎ አፍንጫዎን ሸፍነው፣ መስኮት በተከፈተበት ቦታ ነው።

በመጨረሻ ቤቱ መሬት ላይ ሲቀመጥ የሚፈጸመው ስህተት አለ። የተጠናቀቀን ቤት በተጠናቀቀ መሬት ላይ ያስቀመጠ ሰው በግድግዳውና በአፈሩ መካከል የጥላ መስመር ይቀርበትና ቤቱ የተንሳፈፈ ይመስላል። መሬቱን በፎም ሲሠሩ የቤቱን ቅርጽ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ቆፍረው ቤቱን ያስገቡት፤ ከዚያም አፈሩን እስከ ግድግዳው ያስጠጉ። የአዲስ አበባ ሰፈሮች በአብዛኛው ተዳፋት ላይ ያሉ በመሆናቸውም መሬቱን እንደ ጠረጴዛ አያስተካክሉት፤ ከፍ ባለው በኩል ደረጃው አንድ፣ ዝቅ ባለው በኩል ሦስት ይሁን፤ ልዩነቱንም የድንጋይ መሠረት ይሙላው። ቤቱን ዲዮራማው ካረፈበት ሰሌዳ ጠርዝ ጋር ትይዩ አድርጎ ከማቆም ይልቅ ጥቂት አዙሮ ማስቀመጥ በረንዳውንም ጓሮውንም በአንድ ጊዜ ያሳያል። ሁሉንም ከማጣበቅዎ በፊት ግን ዲዮራማው በሚቀመጥበት ክፍል፣ በዚያው ክፍል አምፖል ሥር አንድ ምሽት ያሳድሩት፤ በቀን ብርሃን የተስማማው ቀለም በቢጫ አምፖል ሥር ሌላ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል፣ ለማረም የሚመቸው ቤቱ ከመሬቱ ገና ሳይጣበቅ ነው።