ኮርኒሱ ስር ተርብ ሲሰፍር፦ ችግርና መፍትሄ

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትበረታ ግቢያችን በነፍሳት ይሞላል። ብዙዎቻችን ወዲያው ፍሊት ገዝተን እንነፋለን። ያሉት ይረግፋሉ፤ በሳምንቱ ሌሎች ይተካሉ። የጠራቸው ነገር እዚያው ስላለ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያያችሁት ምን እንደሆነ ለዩ፤ ቀጥሎ ምን ፈልጎ እንደመጣ።

ከጣሪያው ጠርዝ ስር ቀዳዳ የበዛበት ግራጫ ነገር ተንጠልጥሏል፣ ተርብ ይመላለስበታል

ወገበ ቀጭኑ፣ ሲበር እግሩን የሚያንጠለጥለው ተርብ ቤት ነው። ያረጀ እንጨት ፍቆ፣ አኝኮ፣ በምራቁ ለውሶ እንደ ወረቀት ይሠራዋል። ዝናብ የማያገኘው ጥግ ይፈልጋል፤ የቆርቆሮ ክዳን ጠርዝ ደግሞ ለዚህ ምቹ ነው። ለልጆቹ የሚያበላው አባጨጓሬ ነው፤ ጎመናችንን የሚበሳውን ጭምር። ጓሮዬ ጎመን ስላለኝ ተርብን እንደ ጠላት ብቻ ማየት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

ቤቱ ከፍ ያለና ከበር ራቅ ያለ ከሆነ ተዉት። ካልነኩት በቀር ሰው አሳድዶ አይነድፍም። በር አናት ላይ፣ ልብስ ማስጫው አጠገብ ወይም ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ከሆነ ግን መነሳት አለበት። ቀላሉ ጊዜ ገና ሲጀመር፣ ሳንቲም ሲያህል ነው። ተርብ ሲበርደው ክንፉ አይታዘዝለትም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሙሉ ልብስ ለብሳችሁ፣ ፊታችሁን ሸፍናችሁ በረጅም እንጨት ጣሉት። የተንጠለጠለበትን ቀጭን ዘንግም ፍቃችሁ አንሱ። ቤቱ ትልቅ ከሆነና ተርቡ ከበዛ መሰላል ላይ ቆማችሁ አትታገሉት፤ ተባይ የሚያጠፉ ባለሙያዎችን ጥሩ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ጨርቅ ላምባ ነክራችሁ አታቃጥሉ። ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም ቺፑድ ነው፤ ተርቡን ብላችሁ ቤቱን ታጡታላችሁ።

ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የጭቃ እብጠት ካያችሁ ሌላ ነው። ብቻውን የሚኖር ተርብ ሸረሪት አደንዝዞ ለልጁ ስንቅ ያኖርበታል። እሱ ከሰው ጋር ጣጣ የለውም። ቀዳዳ ካወጣ ልጁ ወጥቷልና በቢላ ፍቃችሁ አንሱት።

ውጭ ስንበላ ተርብ ይከበናል

ጣፋጭና ሥጋ ስቦት ነው። ከዛፍ የወደቀ ኮክና ዘይቱን በየቀኑ ልቀሙ፤ የቆሻሻ በርሜሉን ክደኑ። የለስላሳ ጠርሙስ ተከፍቶ ከቆየ ውስጡን ሳታዩ አትጠጡ። አፍና ጉሮሮ ውስጥ መነደፍ አደገኛ ነው፤ እብጠቱ መተንፈሻ ይዘጋል።

ተነደፍን

የንብ መንደፊያ ቆዳ ላይ ይቀራል፤ ቶሎ በጥፍር ጠርጋችሁ አውጡት። ተርብ መንደፊያውን ስለማይጥል ደጋግሞ ይነድፋል፤ ከቦታው ራቁ። በሳሙና ታጠቡ፣ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዙበት። ትንፋሽ ካጠረ፣ ፊት ወይም ምላስ ካበጠ፣ መላ ሰውነት ሽፍታ ካወጣ ወይም ራስ ካዞረ አንድ ደቂቃ ሳታባክኑ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ንብ ዛፍ ላይ ተንዠርግጋለች

አበባ ሲበዛ ቀፎ የጠበባቸው ንቦች ከእናት ንብ ጋር ወጥተው አዲስ ቤት ይፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይነሳሉ። አትወርውሩባቸው፣ ፍሊትም አትንፉ፤ ንብ አናቢ ጥሩ፣ በደስታ ይወስዳቸዋል። ከተቆጡ ፊታችሁን ሸፍናችሁ ቤት ግቡና በር ዝጉ። እያጨፈለቃችሁ አትቁሙ። የተጨፈለቀች ንብ ሽታዋ ሌሎቹን ይጠራል።

ጉንዳን ሎሚ ዛፉ ላይ ይወጣል ይወርዳል

ቅጠሉን ገልብጡ። ከስሩ የተጠጋጉ ደቃቅ ተባዮች ታገኛላችሁ። የቅጠሉን ጭማቂ እየመጠጡ ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣሉ፤ ጉንዳኑ ያንን ይልሳል፣ ከጠላትም ይጠብቃቸዋል። በ1 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ፣ ፀሐይ ሳይበረታ የቅጠሉን ታች በደንብ እርጩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ድገሙት። ወጥ ቤት የገባውንም መንገዱን በሳሙና ውኃ እጠቡት፤ የሚከተለው ሽታ ይጠፋበታል።

ማታ ማታ ቢምቢ አላስተኛን አለ

ጓሮ ያለውን ውኃ ፈልጉ፦ በርሜል፣ አሮጌ ጎማ፣ የአበባ ሳህን። በሙቀት ከእንቁላል ተነስቶ ለመብረር ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃዋል። በተለይ ቆላ ያላችሁ ልብ በሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ከተማ ላይ የተገኘችው አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ ከተማ ውስጥ በውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። በርሜሉን በየሳምንቱ ገልብጡና ጎኑን በብሩሽ ፈትጉ፤ እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ሊጣበቅ ይችላል። የማይገለበጠውን ሮቶ ክዳኑን ግጠሙ፣ የአየር ማስወጫውንም በወንፊት ሽቦ ሸፍኑ።