ወንጪን በአደይ አበባ ወቅት፦ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ አቅዱ

አደይ ከጳጉሜ ጀምሮ ይፈካል፤ ለመስቀል ደጋው ሁሉ ቢጫ ነው። የወንጪን ሐይቅ በእግር ለማየት ግን ከመስቀል በፊት አትቸኩሉ። ክረምቱ ጠቅልሎ ሳይወጣ ቁልቁለቱ የሚያንሸራትት ጭቃ ነው፤ ዓይናችሁም ከአበባው ይልቅ እግራችሁ ላይ ይውላል። ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 10 ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ዝናቡ ይሳሳል፣ አደዩም ገና አልረገፈም። የኢሬቻን ቅዳሜና እሁድ ዝለሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚዘጉ መንገዶች ስላሉ ጠዋታችሁን ከከተማ ለመውጣት ትጨርሱታላችሁ።

ወንጪ ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በወሊሶም በአምቦም ይደረሳል። ከመነሳታችሁ ቀደም ብላችሁ ለአካባቢው ሰው ደውሉና የመንገዱን ሁኔታ አጣሩ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከተነሳችሁ ቁርስ ተበልቶም 4 ሰዓት ላይ እግር ጉዞው ይጀመራል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተራራ ሲወጣ መጀመሪያ ይደከማል፣ ሲመለሱ ይቀላል። ወንጪ የእሳተ ገሞራ አፍ ስለሆነ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ከጠርዙ ወደ ሐይቁ በጉልበት ትወርዳላችሁ፣ ዳገቱ ደግሞ ከምሳ በኋላ ሆድ ሞልቶ እግር ሲዝል ይጠብቃችኋል። ሐይቁ ራሱ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ጠርዙ ከ3,000 ይበልጣል። አየሩ ሳሳ ያለ በመሆኑ ለጀማሪ በየ100 ሜትሩ ዳገት 20 ደቂቃ ያዙ፤ 300 ሜትር መውጣት እረፍቱን ሳይጨምር አንድ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ 7 ሰዓት ላይ፣ የትም ብትደርሱ፣ ፊታችሁን ወደ መውጫው አዙሩ። ደመናው የሚከብደውም ከዚያ በኋላ ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ካለ ከፍታውን እንዲለምድ አዲስ አበባ ሁለት ሌሊት ይደር እንጂ ከአውሮፕላን ወርዶ በማግስቱ አይወሰድ።

ፈረስ አለ፤ እኛ የምንመክረው ለመውጫው ብቻ እንድትከራዩት ነው። ቁልቁል በፈረስ መውረድ ለማያውቅ ሰው ያስፈራል፣ አበባውንም ያስመልጣል። ዋጋውን ከመቀመጣችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ የደርሶ መልስ ነው ወይስ የአንድ ጉዞ የሚለውን ግልጽ አድርጉ፣ የኮርቻው ማሰሪያ መጥበቁንም እዩ። ከአካባቢው ልጆች አስጎብኚ መያዝ ጥሩ ነው፤ ወደ ሐይቁ የሚወስዱት አቋራጮች ብዙ ናቸው፣ አንዳንዱ የሰው ጓሮ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። አካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነውና «አካም» ብሎ ሰላም ማለት፣ «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን ፊት ያበራል።

ጫማው ከሁሉ ይቀድማል፦ ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን፤ ለስላሳ ሶል ያለው ስኒከር እርጥብ አፈር ላይ ይከዳል። ሱሪ ረጅም ይሁን፣ ምክንያቱም ከክረምት በኋላ ሳማ መንገዱ ዳር ተንዠርጎ ነው የሚጠብቃችሁ። ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፣ ቆሎና ዳቦ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሹራብ፣ ኮፍያ። ጠዋት ይበርዳል፣ እኩለ ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። ሽቶ ተዉት፤ አበባ ሲበዛ ንብም ይበዛል።

አደዩን ከቅርብ ስታዩት አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ቅጠል ያለው ወርቃማ ቢጫ አበባ ነው፤ መስኩ ላይ ዝቅ ብሎ የሚታየው ነጭና ወይን ጠጅ ድቡልቡል ደግሞ ማገጥ ነው። ደጋ አገር ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚቆረጠው ማር ከሁለቱ ብዙ ይወስዳል። አደይ ዓመታዊ ተክል በመሆኑ ለከርሞ የሚበቅለው ዘንድሮ ካፈራው ዘር ነው፤ በእቅፍ ነቅላችሁ አትውሰዱ። ደግሞም መኪና ውስጥ ሙቀት ሲነካው ወዲያው ይጠወልጋል። ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ ገብስ መሃል አትግቡ፤ ድንበሩ ላይ በርከክ ብትሉ አበባው ከፊት፣ ሐይቁ ከኋላ ይገባላችኋል።

ደሴቱ ላይ ወዳለው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በጀልባ መሻገር ከፈለጋችሁ ከምሳ በፊት አድርጉት፤ ከሰዓት ነፋሱ ውሃውን ያናውጠዋል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ሴቶች ነጠላ ይያዙ።

ከጠርዙ ላይ ቢዘገይ 10 ሰዓት ተነሱ፤ አመሻሽ ላይ ከግጦሽ የሚመለሱ ከብቶች መንገዱን ይሞሉታል።