አንጋፋ ባለሙያ ጋብዞ ማባከን፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ የውይይት መድረክ ማዘጋጀት ከጀመርኩ ቆየሁ። አዳራሹ ጠባብ ነው፣ ወንበሩ ይንቋቋል፣ ሻይ ግን አይጠፋም። ሐኪም፣ ጋዜጠኛ፣ የታሪክ ምሁር፣ የፖሊሲ ባለሙያ፣ ሁሉም በየተራቸው መጥተውልናል። ዕድሜያቸውን በሙያው ላይ የጨረሱ ሰዎች ናቸው። ውይይቱ ሲከሽፍ ታዲያ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የኛ የጋባዦቹ ነው። የራሴን ልናዘዝ።

ማዕረግን ማምታታት

አንድ ጊዜ የታሪክ ምሁር እንግዳችንን «ዶክተር» ብዬ ብቻ አስተዋወቅኋቸው። የምን ዶክተር እንደሆኑ አልተናገርኩም። ሰው ሲበተን አንድ አባት ፌስታል ይዘው ወደ መድረኩ መጡ። የመድኃኒት ብልቃጥ አወጡና «ዶክተር፣ ይቺ እኮ ግፊቴን አላወረደችልኝም» አሏቸው። እንግዳው ደነገጡ። «አባቴ፣ እኔ የማውቀው የሞተ ሰው ብቻ ነው» አሉ። አባት ብልቃጡን ቶሎ ወደ ፌስታሉ መለሱት።

ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ፕሮፌሰር ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው። ያከበርን መስሎን ረዳቱን «ፕሮፌሰር» ስንለው ባልደረቦቹ ፊት እናሳፍረዋለን። ጤናው ላይም እንደዚሁ ነው። ሐኪም የታመመውን ሰው ያክማል። የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ደግሞ በሽታው በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚዛመትና እንዴት እንደሚገታ ያጠናል። ደውሎ ማጣራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁሉን ያውቃሉ ብሎ መጠየቅ

የቀዶ ሕክምና ሐኪሙን ስለ ጤና መድን፣ የአድዋን ዘመን ያጠኑትን ምሁር ስለ አክሱም ሐውልት እንጠይቃለን። አንዳንዱ «ይሄ የእኔ መስክ አይደለም» ይላል። ይሉኝታ የያዘው ግን እንደምንም ይሞክራል። በማግስቱ ያ ሙከራ «ባለሙያው እንዳሉት» እየተባለ ይዞራል። አሁን ጥያቄዎቹን ከሳምንት በፊት እልክና «የማይመለከትዎትን ይሰርዙ» እላለሁ። አንዷ እንግዳ ከስምንቱ አምስቱን ሰረዙ። እንደዚያ ቀን ያማረ ውይይት አላስታውስም።

የዘመን አቆጣጠርን መርሳት

ይሄኛውን ከሁሉም በላይ እፈራዋለሁ። ስድስት ኪሎ ስላለው የየካቲት 12 ሐውልት ስንወያይ ከውጭ የመጡ እንግዳ ስክሪኑ ላይ «1937» የሚል ስላይድ አወጡ። ከኋላ አንድ ወጣት ለጓደኛው «ጣልያን በ33 ወጥቶ የለ እንዴ? በ37 ማን ፈጀን?» ሲል አዳራሹ ሁሉ ሰማው። ጭፍጨፋው በኛ 1929፣ በፈረንጆቹ 1937 ነው። እንግዳዋም አልተሳሳቱ፣ ልጁም አልተሳሳተ። ስላይዱን ቀድሜ ያላየሁት እኔ ነኝ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከፈረንጆቹ ዓመት ላይ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይቀነሳል። የፖሊሲ ሰዎች ሲመጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የ2015 በጀት ዓመት የጀመረው በ2014 ነው። ሰዓቱንም አትርሱት። «9 ሰዓት» ብለን የለጠፍነውን ያነበቡ እንግዳ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከች አሉ። ጥበቃው ወንበር አውጥቶላቸው ፀሐይ ሲሞቁ ቆዩ።

ጋዜጠኛን ማይክ አስይዞ ማስቀረት

ሐኪሙና የታሪክ ምሁሩ ሲናገሩ ጋዜጠኛው ሰዓት ይቆጣጠራል። ለምን? ወሬውን ከእውነቱ እንዴት እንደሚለይ ቢነግረን እኮ ስንት ነገር እንማር ነበር። ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ ለአንባቢ ጥያቄ መልስ እየሰጠ ነው አገር ያወቀው። ታሪክም ጽፏል። እሱን ዛሬ ብንጋብዘው ሰዓት ያዝ ልንለው ነበር ማለት ነው።

ባለሙያ ማለት ባለ ዲግሪ ብቻ ነው ማለት

ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ የውኃ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ዓለም ያወቀው ምርምራቸው የተነሳው ከዚያ ወንዝ ዳር ነው። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም ጥሯት። የኋላ ወንበር ላይ ሳይሆን መድረኩ ላይ ትቀመጥ፤ ቤት ለቤት የዞረችው እሷ ናት።

አዋጅን፣ ደንብንና መመሪያን መደባለቅ

ባጭሩ፦ አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያ የሚያወጣው ደግሞ ሥልጣን የተሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። የፖሊሲ ባለሙያውን «አዋጁ» እያላችሁ ስለ መመሪያ ብትጠይቁት ግማሹ ሰዓት በማረም ያልቃል።

መክፈቻ ንግግር ማብዛት

ሦስት ሰው «አጭር መልእክት» ካስተላለፈ በኋላ እንግዳው ሊናገር ሲነሳ ሰው ታክሲ እንዳያመልጠው ቦርሳውን ማንሳት ይጀምራል። ሌላ ምን ልበል።

በአንድ ስልክ ብቻ መቅዳት

አንድ አንጋፋ ጋዜጠኛ በወጣትነታቸው ዜና ለማድረስ ስለሮጡባቸው ሌሊቶች ለሁለት ሰዓት ያህል አወጉን። አንድ ወረቀት እንኳ አላነበቡም፣ ሁሉንም በቃላቸው ነበር። የቀዳሁት በራሴ ስልክ ነው። በሦስተኛው ቀን ፒያሳ ታክሲ ስጋፋ ስልኬ ተመነተፈ። ደግሜ ልቅዳዎት ብዬ ብደውልላቸው «ያን ቀን የነገርኩህን ዛሬ አላስታውሰውም» አሉኝ። አሁን በሁለት ስልክ እቀዳለሁ፤ አንዱ አዳራሹ ውስጥ ያድራል።