ያለጊዜው በተወለደ ሕፃን ዓይን ላይ የሕፃናት ሐኪም ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የሚመጣውን የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) በሽታ፣ በአጭሩ አርኦፒን፣ መርምሮ የሚያገኘውም የሚያክመውም የዓይን ሐኪም ነው። የትኛው ሕፃን መቼ እንደሚታይ የሚወስነው ግን የሕፃናት ሐኪሙ ነው። ኦክስጅኑን የሚቆጣጠረው፣ ሳምንቱን የሚቆጥረውና የመውጫ ወረቀቱን የሚጽፈው እሱ ነውና። በዚህ በሽታ ከሚታወሩት ሕፃናት ብዙዎቹ ሕክምና ጠፍቶላቸው ሳይሆን በሰዓቱ የሚልካቸው አጥተው ነው።

"ዓይኑ ጤነኛ ይመስላል" ብሎ ማለፍ

አርኦፒ ከውጭ ምልክት የለውም። ዓይን አይቀላም፣ ፈሳሽ አይወጣም፣ ሕፃኑም አያለቅስም። የሬቲና የደም ሥሮች በ16ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ከዓይን ነርቭ ተነሥተው ወደ ዳር ያድጋሉ፤ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጠርዝ በ36ኛው ሳምንት አካባቢ፣ በጆሮ ግንድ በኩል ያለውን ደግሞ መውለጃው ሲደርስ ይነካሉ። በ27ኛው ሳምንት የተወለደ ሕፃን ስለዚህ የሬቲናው ዳር ገና ደም ሥር አልደረሰውም፤ በሽታው የሚጀምረውም የደም ሥሩ በቆመበት ድንበር ላይ ነው። በባትሪ ማየት ወይም የብሌኑን ቀይ ነጸብራቅ መፈተሽ ያንን ቦታ አያሳይም። ነጸብራቁ ደኅና መሆኑ ምንም አያረጋግጥም፤ ብሌኑ ነጥቶ ሲታይ ደግሞ ሬቲናው ተላቆ ሊሆን ስለሚችል በቀዶ ሕክምናም የሚመለሰው እይታ እጅግ ጥቂት ነው። ብሌን በጠብታ ተከፍቶ በኢንዳይሬክት ኦፍታልሞስኮፕ (ሐኪሙ ራሱ ላይ አድርጎ በሌንስ የሬቲናውን ዳር የሚያይበት መሣሪያ) ወይም በሰፊው በሚያነሣ የሬቲና ካሜራ መታየት አለበት።

የሌላ አገር መስፈርት እንዳለ መቅዳት

የአሜሪካ መመሪያ 1500 ግራም ወይም ከዚያ በታች የሚመዝኑትን፣ ወይም በ30ኛው ሳምንትና ከዚያ በፊት የተወለዱትን ሁሉ እንዲታዩ ያዛል፤ ከ1500 እስከ 2000 ግራም ሆነው ጤናቸው የተዛባባቸውን ደግሞ በሐኪሙ ውሳኔ ይጨምራል። የህንድ መመሪያ ከ2000 ግራም በታች ወይም ከ34ኛው ሳምንት በፊት የተወለዱትን ይወስዳል። ልዩነቱ ያለምክንያት አይደለም። የኦክስጅን ቁጥጥሩ ልል በሆነበት ክፍል ተለቅ ያሉ ሕፃናትም በከባዱ ይታመማሉ። በክፍላችሁ ኦክስጅን ሳይቀላቀል የሚሰጥ ከሆነ ጠባቡን መስፈርት መያዝ አደገኛ ነው።

ክብደትና ሳምንት የሚያያዙት በ"ወይም" እንጂ በ"እና" አይደለም። በ29 ሳምንት ተወልዶ 1600 ግራም የሚመዝን ሕፃን "ከ1500 በላይ ነው" ተብሎ ሲታለፍ በተደጋጋሚ ይታያል፤ በሳምንቱ ብቻ መታየት ነበረበት።

ዕድሜን ማምታታት

የመጀመሪያው ምርመራ የሚቆጠረው በሁለት መንገድ ነው፦ ከተወለደ 4 ሳምንት ሲሞላው፣ ወይም ድምር ዕድሜው (የእርግዝናው ሳምንት ከተወለደ በኋላ ካለፈው ጋር ተደምሮ) 31 ሲደርስ፤ ከሁለቱ የሚዘገየው ይያዛል። በ24 ሳምንት የተወለደ በ7ኛው ሳምንቱ፣ በ25 የተወለደ በ6ኛው፣ በ26 የተወለደ በ5ኛው፣ በ27ና ከዚያ በላይ የተወለደ በ4ኛው ሳምንት ይታያል ማለት ነው። የህንድ መመሪያ ከ28 ሳምንት በፊት የተወለዱትንና ከ1200 ግራም በታች የሆኑትን ከ2 እስከ 3 ሳምንት ዕድሜያቸው ላይ ያስጀምራል፤ ከባዱ መልክ ቶሎ በሚመጣበት ቦታ ይህ ይሻላል።

ቀኑን ሕፃኑ በገባበት ዕለት አስልቶ በካርዱ የፊት ገጽ ላይ መጻፍ ነው። "አንድ ወር ሲሞላው" የሚል ማስታወሻ አይሠራም፤ ወሩ ሲሞላ ሕፃኑ ወደ ቤት ሄዷል፣ ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል ተዛውሯል።

ኦክስጅንን እንደ መድኃኒት አለመቁጠር

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ከመጠን ያለፈ ኦክስጅን የደም ሥር እንዲያድግ የሚያዝዘውን ቪኢጂኤፍ የተባለውን ፕሮቲን ያሳንሰዋል፤ ዕድገቱ ይቆማል። ድምር ዕድሜው 32 ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ፣ ሬቲናው ሲያድግና ፍላጎቱ ሲጨምር፣ ደም ያልደረሰው ክፍል ተርቦ ቪኢጂኤፉን ያለልክ ይለቃል። ያኔ የሚበቅሉት ሥሮች የተዛቡ ናቸው፤ ሬቲናውንም ጎትተው ያላቅቁታል። በመጀመሪያው ሳምንት የተሰጠ ትርፍ ኦክስጅን ጉዳቱ ከስድስት ወይም ከሰባት ሳምንት በኋላ ብቅ የሚለው በዚህ የተነሣ ነው፤ ያን ጊዜ ማንም ሁለቱን አያያይዛቸውም።

ኦክስጅን ለሚወስድ ሕፃን የሳቹሬሽን (ደሙ የተሸከመው የኦክስጅን መጠን) ዒላማው ከ90 እስከ 95 በመቶ ነው። ፐልስ ኦክሲሜትሩ 99 ወይም 100 ሲያሳይ ብዙ ነርስ "ደኅና ነው" ብሎ ያልፋል። መሣሪያው 100 ላይ ሲቆም በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት 100 ይሁን 300 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አይነግርም። የላይኛውን ማንቂያ 95 ወይም 96 ላይ አድርጉ። ድምፁ ስለሚያሰለች ማጥፋት የተለመደ ነው፤ ከማጥፋት ይልቅ ኦክስጅኑን ከ2 እስከ 5 በመቶ ቀንሶ ማየት ይሻላል። ኦክስጅን የማይወስድ ሕፃን 100 ቢያሳይ ግን ምንም ችግር የለበትም።

ማንቂያው ብቻውን አይበቃም፤ አየርና ኦክስጅን የሚቀላቅል ብሌንደር ከሌለ መቀነሻ የለም። በክፍሉ ሠራተኞች በእጅ በተሠራ ሲፓፕ (በአፍንጫ ግፊት ያለው አየር በመስጠት ትንፋሽን የሚያግዝ መሣሪያ) ንጹሕ ኦክስጅን በቀጥታ ሲሄድ ሕፃኑ የሚተነፍሰው 100 በመቶ ሊሆን ይችላል። ከ32 እስከ 34 ሳምንት ለተወለደ ሕፃን በወሊድ ክፍል ሲታገዝ ከ21 እስከ 30 በመቶ፣ ከ32 ሳምንት በፊት ለተወለደ ደግሞ ቢያንስ ከ30 በመቶ መጀመር ይገባል። በአምቡላንስ ወይም ወደ ራጅ ክፍል ሲወሰድ የሚሰጠውም ኦክስጅን ያው ኦክስጅን ነው፤ እዚያ ግን ብዙ ጊዜ የሚለካው የለም።

ወደ ሌላው ጫፍ መሮጥም አይረዳም። በ1950ዎቹ ኦክስጅን በጅምላ ሲቀነስ ዓይነ ስውርነት ቢቀንስም ሞትና የአንጎል ጉዳት ጨመረ። በ2010 የታተመው ሰፖርት የተባለ ጥናትም ከ85 እስከ 89 በመቶ የተያዙ ሕፃናት ከባድ አርኦፒ ቢያንስባቸውም ብዙ እንደሞቱ አሳይቷል። ዓይን ለማዳን ተብሎ 85 ላይ ማቆየት አይገባም።

የቀረውን ሁሉ በኦክስጅን ማሳበብ

ኢንፌክሽን፣ ደም መውሰድና በተለይ ከተወለዱ በኋላ ክብደት ቀስ ብሎ መጨመር አደጋውን ያሰፋሉ። የእናት ጡት ወተት በጊዜ መጀመር ጥቅሙ ለአንጀት ብቻ አይደለም።

ለምርመራው ቀን አለመዘጋጀት

ጠብታው የሚጀመረው ሐኪሙ ከመድረሱ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ነው፤ 0.5 በመቶ ሳይክሎፔንቶሌት ከ2.5 በመቶ ፌኒሌፍሪን ጋር፣ ወይም ቀለል ያለው የሁለቱ የ0.2 እና የ1 በመቶ ቅልቅል፣ በ5 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። 10 በመቶ ፌኒሌፍሪን ለዚህ ሕፃን አይሰጥም፤ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ያሻቅባል። በየጠብታው ከዓይን ውጭ የፈሰሰውን በጥጥ ጥረጉ፣ የዓይኑን የውስጥ ማዕዘንም ለአንድ ደቂቃ ያህል ጫኑት፤ ካልሆነ መድኃኒቱ በቆዳና በአፍንጫ ገብቶ ልብን ያዘገያል፣ ትንፋሽን ያቋርጣል፣ ሆድ ይነፋል።

ሕፃኑ ገና ጠብቶ እንደጨረሰ መመርመር ለትውከት ያጋልጠዋል። ለሕመሙ ማደንዘዣ ጠብታ፣ አፉ ላይ ጥቂት የ24 በመቶ ስኳር ውኃ፣ በጨርቅ መጠቅለልም ይገባል። ሞኒተሩ በምርመራው ጊዜና ከዚያ በኋላም አይነሣ፤ ትንፋሽ የሚቋረጠው ሰው ከተበተነ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ውጤቱን ሳያነቡ ማስቀመጥ

ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገሮችን ፈልጉ፦ ዞን፣ ደረጃ እና ፕላስ። ዞን በሽታው ያለበትን የሬቲና ክፍል፣ ደረጃ ክብደቱን ይናገራል። ዞን 1፣ ማለትም በዓይን ነርቭ ዙሪያ ያለው መካከለኛው ክፍል፣ ከሁሉ የሚያስፈራው ነው። ፕላስ ማለት በዓይኑ ጀርባ ያሉት ሥሮች አብጠው ተጠማዝዘዋል ማለት ነው። ዞን 1 ላይ ከፕላስ ጋር የትኛውም ደረጃ፣ ወይም ያለፕላስ ደረጃ 3፤ ዞን 2 ላይ ደግሞ ደረጃ 2 ወይም 3 ከፕላስ ጋር ከሆነ ሕክምናው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ቀጥሎ ባለው ሳምንት ይታይ የሚባል አይደለም። ሌሎቹ ቢበዛ በ3 ሳምንት ይደገማሉ፤ ዞን 1 ላይ ያሉና ደረጃ 3 የደረሱ በሳምንት ወይም ከዚያ በፊት።

የመውጫ ወረቀቱን ማጉደል

"ዓይን ክፍል ይታይ" በቂ አይደለም። የቀጠሮው ቀን፣ ቦታው፣ የሚያየው ሐኪምና የመጨረሻው ውጤት መጻፍ አለባቸው። ለወላጆችም በቃል "ይህ ቀን ካለፈ ልጃችሁ ሊታወር ይችላል" ብሎ ግልጽ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ማለባበስ እንዲቀሩ ያደርጋቸዋል። ሳይመጡ የቀሩትን የሚደውልላቸው ሰው በስም ይመደብ።

"ታክሟል" ብሎ ማሰናበት

ሌዘር ከተደረገ በኋላ በሽታው ብዙ ጊዜ ይበርዳል። ቪኢጂኤፍን የሚያግደውን ቤቫሲዙማብ ወይም ራኒቢዙማብ ዓይኑ ውስጥ የተወጋ ሕፃን ግን ቢሻለውም ከሳምንታት በኋላ ሊመለስበት ይችላል፤ ድምር ዕድሜው 65 ሳምንት እስኪሆን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መታየት አለበት። ያልታከመውም ቢሆን አልተረፈም፤ የዓይን መቀናጀት ችግርና ቅርብ ብቻ ማየት በእነዚህ ልጆች ላይ ይበዛል። ስለዚህ ከሆስፒታል ከወጣ ከ4 እስከ 6 ወር ውስጥ የዓይን ሐኪም ይየው፤ ለክትባት በመጣ ቁጥርም ፊት ይከተል እንደሆነና ዓይኑ ሸውረር ይል እንደሆነ እዩ።