«ልጄ አይበላልኝም»፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ልጄ አይበላልኝም» ስንል ሁለት ጭንቀት ነው የምንናገረው፤ የሚበላው ትንሽ ነው የሚለውን እና እያደገ አይደለም የሚለውን። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ትንሽ እየበላ ደህና የሚያድግ ልጅ አለ፤ የቀረበለትን ሁሉ እየጨረሰ ክብደቱ ንቅንቅ የማይልም አለ። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኛዎቹ ይህን ካለመለየት የሚመጡ ናቸው።

በዓይን መመዘን

«ጉንጩ ጎደለ»፣ «የእህቴ ልጅ በዚህ ዕድሜው እጥፉ ነበር» የሚለው ንግግር መለኪያ አይደለም። መለኪያው የእድገት መከታተያ ካርዱ ነው። የካርዱ መስመሮች የተመሠረቱበት፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው መስፈርት በስድስት አገሮች፣ በጥሩ ሁኔታ ጡት እየጠቡ ባደጉ ሕፃናት ላይ የተሠራ ነው። አንድ ቀን የተወሰደ ክብደት ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው በየጊዜው የተመዘነው ሲያያዝ የሚሠራው መስመር ነው። ከመካከለኛው መስመር በታች ሆኖ የራሱን መስመር ይዞ የሚወጣ ልጅ፣ በተለይ ወላጆቹ ደቃቃ ከሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ከላይ ጀምሮ መስመር እያቋረጠ የሚወርደው ግን ወፍራም ቢመስልም መታየት አለበት።

ቁመትም ይለካ። ክብደት ፈጥኖ ይቀንሳል፤ ቁመት ወደ ኋላ ሲቀር ግን እጥረቱ ወይም በሽታው የቆየ መሆኑን ያመለክታል። ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ተኝቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ ይለካል። ቆሞ ሲለካ ወደ 0.7 ሴንቲሜትር ስለሚያንስ፣ አለካኩ ሲቀየር እድገቱ የቆመ ሊመስል ይችላል።

የሁለተኛውን ዓመት መቀዝቀዝ እንደ በሽታ መቁጠር

ሕፃን በአንድ ዓመቱ የልደት ክብደቱን ሦስት እጥፍ ገደማ ያደርሳል፤ ቁመቱም ወደ 25 ሴንቲሜትር ይጨምራል። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው ከ2 እስከ 3 ኪሎ፣ በቁመት ደግሞ ወደ 12 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። እድገቱ ሲቀዘቅዝ ፍላጎቱም አብሮ ይቀዘቅዛል። ቁርሱን ጨርሶ ምሳውን አልነካም ቢል አይደንግጡ፤ የሳምንቱን እንጂ የአንዱን ገበታ አይቁጠሩ።

በግድ ማጉረስ

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ በፍቅር የሚደረግ ስለሆነ። አፍንጫ ይዞ ወይም አንጋሎ ማጉረስ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧ እንዲገባ ያደርጋል፤ ሊያንቅም ይችላል። ባያንቅ እንኳን ልጁ ማንኪያን ከፍርሃት ጋር ያያይዛል። በስልክ ቪዲዮ እያታለሉ ማጉረስም ቢሆን አፉን ያስከፍተው ይሆናል እንጂ ረሃቡንና ጥጋቡን እንዲያውቅ አያስተምረውም። የመጀመሪያ ልጄን ለወራት ያበላኋት እንዲህ ነበር፤ ማንኪያውን ስታይ ፊቷን ማዞር እስክትጀምር ድረስ።

ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ ምን ያህል እንደሚበላ ግን ልጁ። አብረውት ይቀመጡ፣ ያነጋግሩት፣ ምግቡን በእጁ ይንካው፣ ያቆሽሸው። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ሳህኑን ያለ ቁጣ ያንሱት። አዲስ ምግብ ሁለቴ እምቢ አለ ብለው አይተዉ፤ እስኪለምደው አሥር፣ አንዳንዴም አሥራ አምስት ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ይህ ማለት ግን ሳህኑን ሰጥቶ መሄድ አይደለም፤ ትንንሾቹ፣ የታመሙትና ክብደታቸው የቀነሰው የሚያበረታታቸው ሰው አጠገባቸው ሊኖር ይገባል።

ሆዱን በፈሳሽ መሙላት

«ምንም አይበላም» የተባለው ልጅ ቀኑን ሙሉ ጡጦ ይዞ የሚውል ከሆነ መልሱ እጁ ላይ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ወተት ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲሆን የምግቡን ቦታ ይይዛል፤ የላም ወተት ደግሞ የብረት ንጥረ ነገሩ በጣም ትንሽ ነው። ብረት ሲያንስ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ፍላጎት ሲጠፋ ልጁ ወደ ጡጦው ይመለሳል፤ ብረቱም ይበልጥ ያንሳል። ጭማቂ እንዲሁ ሆድ ይሞላል፤ ሻይ ደግሞ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን የላም ወተት በእናት ጡት ወተት ምትክ አይሰጥ።

ቀጭን ምግብ

የሕፃን ሆድ በአንድ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። 8 ኪሎ የሚመዝነው ልጅ ማለት ወደ 240 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ብርጭቆ ገደማ ነው። ይህች ቦታ በውሃማ ሾርባ ከተሞላች ልጁ ጠግቦ ይከሳል። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ይሁን፤ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ይበልበት፤ እንቁላል፣ የተፈጨ ሥጋ ወይም የላመ ጥራጥሬ ይግባበት። ጡት ለሚጠባ ሕፃን ከ6 ወር ጀምሮ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር በኋላ ደግሞ 3 ወይም 4 ጊዜ ምግብ ይሰጠው፤ በመሃል መክሰስ ይጨመርለት።

የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ

ሳይፕሮሄፕታዲን የያዙት ሽሮፖች መሠረታቸው የአለርጂ መድኃኒት ነው። እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጡም። ሲቆሙ ፍላጎቱም ይመለሳል ወደነበረበት፤ ምክንያቱ ግን ሳይታወቅ ይቆያል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይግዙ።

በሕመም ጊዜ ምግብ መከልከል

ተቅማጥና ትኩሳት ሲኖር ጡትም ምግብም አይቋረጥ፤ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጥ። ሲሻለው ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ይሰጠው። የጠፋው ክብደት የሚመለሰው ያኔ ነው።

«ያልፍለታል» ብሎ መቆየት

ክብደቱ ሲቀንስ ወይም ሳይጨምር ሲቆይ፣ ተቅማጡ 14 ቀን ሲሞላ፣ በየምግቡ ሲያስመልስ፣ ሰገራው ደም ሲኖረው፣ ሲውጥ ሲያስለው ወይም ትን ሲለው ጊዜ አይስጡ። ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ እየተጫወተም ቢሆን በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ይጫኑ፤ ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ እብጠት ነው። እብጠት የውሃ ክብደት ስለሚጨምር ሚዛኑ «ደህና ነው» ሊል ይችላል፤ ያኔ ሚዛኑን ሳይሆን እግሩን ይመኑ።